ካርታ ላይ ያልሰፈረ መሬት ባለቤት አልባ ይመስላል፦ የገጠር መልክዓ ምድርን በመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ስለመጠበቅ

በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተንጣለለው ጓሳ ለመንገደኛ ዓይን የሣር ሜዳ ብቻ ነው። ለመንዝ ሰው ግን የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ገሳ፣ ማገዶ፣ በድርቅ ዓመት የከብት መሸሻ እንዲሁም የምንጮች ራስ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ምድር ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም ይኖራሉ።

ጓሳ እስካሁን የቆየው የሰው እጅ ስላልደረሰበት አይደለም። በዙሪያው ያለው ደጋ ለዘመናት ሲታረስ ኖሯል። ጓሳን ያቆየው ሥርዓት ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ በሚነገርለት የ«ቀሮ» ሥርዓት መሠረት፣ አስቦና ጌራ ከተባሉት አባቶች የሚወለዱ ባለመብቶች ምድሩን ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር። በባለመብቶቹ የተመረጠው አባ ቀራ ሣሩ መድረሱን አይቶ የሚከፈትበትን ቀን ያስታውቃል። ሕዝቡ በበጋው ወጥቶ ያጭዳል፣ ከብቱንም ያሰማራል። ሐምሌ 5 ቀን፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ምድሩ ዳግም ይዘጋል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል።

ዛሬ ባለሙያዎች «የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ» የሚሉት ነገር በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። የትኛው መሬት ለምን፣ በማን፣ መቼ፣ በምን ልክ እንደሚያገለግል አስቀድሞ መወሰን ነው። ልዩነቱ የቀድሞው ዕቅድ በቃልና በባህል መያዙ፣ የዛሬው ደግሞ በካርታና በሕግ የሚጻፍ መሆኑ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በቃል የተያዘ ደንብ በደንቡ ለማይገዛ ሰው አይታይምና። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬትን የሕዝብ ለማድረግ የወጣው አዋጅ የቀድሞውን የርስት ሥርዓት ሲሽር፣ በርስት ሐረግ ላይ የቆመው ቀሮም አብሮ ወደቀ። ጓሳ ለጊዜውም ቢሆን ሁሉም እንደፈቀደው የሚገባበት ምድር ሆነ። የአካባቢው ሕዝብ በቀበሌዎቹ ተወካዮች አማካይነት የጥበቃ ኮሚቴ አቋቁሞ ደንቡን እንደገና ባያነሣውና በኋላም የክልል መንግሥት ሕጋዊ ዕውቅና ባያገኝ ኖሮ፣ ሣሩ ዛሬ በቦታው ለመኖሩ ዋስትና አልነበረም።

የገጠር መልክዓ ምድርን በዕቅድ የመጠበቅ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ትናንት በሽማግሌ ቃል ይጠበቅ የነበረው ዛሬ በምን ይጠበቃል?

የሚጠበቀው ምንድን ነው?

«መልክዓ ምድር» ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ለፎቶግራፍ የሚያምር ተራራ ነው። በዕቅድ ቋንቋ ግን ቃሉ ከውበት ያልፋል። ተራራው፣ ከሥሩ ያለው ግጦሽ፣ በመካከሉ የሚወርደው ወንዝ፣ በደብሩ ዙሪያ የቀረው ጥድና ወይራ፣ የእርሻው እርከን፣ የመንደሩ አሰፋፈር፣ እነዚህን ሁሉ አያይዞ የሚያኖረው የሰው ሥራ በአንድነት መልክዓ ምድር ይባላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው። ደረቅ በሆነ ተራራማ ምድር ላይ በድንጋይ የተካበው የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ የተመዘገበው ግንቡ ብቻ አልነበረም። ከ400 ዓመታት በላይ ድንጋዩን ትውልድ ከትውልድ እየጠገነ ያቆየው የማኅበረሰቡ ሥርዓትም የቅርሱ አካል ነው። እ.ኤ.አ በ2023 የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም እንደዚሁ ነው። በዚያ ትልልቅ ዛፎች፣ በሥራቸው እንሰት፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ቡና በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው ይበቅላሉ። በሁለቱም ስፍራ ምድሩን ያስከበረው አራሹ ነው።

በአማራ ክልልም ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ያልሰፈሩ፣ ለአካባቢያቸው ግን እጅግ የከበሩ ምድሮች ሞልተዋል። በደቡብ ጎንደር የእርሻ ሜዳ መካከል እንደ ደሴት ተነጥለው የሚታዩት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች በዙሪያቸው ከጠፋው የተፈጥሮ ደን የተረፉ ቅሪቶች ናቸው። ምንጭ ይጠብቃሉ፣ ንብና ወፍ ያስጠልላሉ፣ ለችግኝ ጣቢያ የአገር በቀል ዛፍ ዘር ያስገኛሉ። የመንደር የወል ግጦሽም ለጥንድ በሬ ከመሰማሪያነት አልፎ ክረምት ላይ ጎርፍን የሚያበርድ መሬት ነው።

አደጋው ከየት ይመጣል?

በገጠር መልክዓ ምድር ላይ የሚመጣው ጫና በሦስት መንገድ ሊጠቃለል ይችላል።

የመጀመሪያው ማረሻ ነው። የቤተሰብ ቁጥር ሲጨምርና ይዞታ ሲጠብ ገበሬው ወደ ተዳፋቱ ይወጣል፣ ወደ ወንዝ ዳርም ይወርዳል። ይህን የሚያደርገው የአፈሩን ጥቅም ስላላወቀ ሳይሆን ሌላ ስለሌለው ነው። ተዳፋቱ ከታረሰ በኋላ አፈሩ በጥቂት ክረምት ታጥቦ ከታች ያለውን የጎረቤት ማሳ በደለል ይሞላል።

ሁለተኛው የከተማ መስፋት ነው። ከተሞች የሚሰፉት ወደ ሜዳማው፣ ወደ ለሙና ወደ መንገድ ዳሩ መሬት ነው። ለእርሻ የሚመቸው መሬት ለቤት ግንባታም ይመቻልና።

ሦስተኛው በአንድ ጊዜ ሰፊ ቦታ የሚጠይቅ ፕሮጀክት ነው። የድንጋይ ካባ፣ የአሸዋ ማውጫ፣ ፋብሪካ፣ መንገድ፣ ሰፊ የንግድ እርሻ ከዚህ ይመደባሉ።

ሦስቱም ጫናዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ቀድመው የሚያርፉት «ክፍት» በሚመስል መሬት ላይ ነው። የግል ማሳ ባለቤት አለው፤ ደብተር አለው፤ ሲነካ የሚጮህ ሰው አለው። የወል ግጦሽ፣ ረግረግና ቁጥቋጦ ግን ሁሉም ስለሚጠቀምበት የማንም ያልሆነ ይመስላል። ለባለሀብት ቦታ ሲፈለግ፣ ለወጣቶች የሥራ ዕድል መሬት ሲጠየቅ፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለትምህርት ቤት ስፍራ ሲታሰብ ጣት የሚቀሰረው ወደዚያው ነው። የእያንዳንዱ ጥያቄ ምክንያት ተገቢ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ሁሉም ተደምሮ ግጦሹ ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ ከብቱ ወደ ተዳፋቱና ወደ ደኑ ይገባል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ አርሶ አደሮችም መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመነቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡን በቀጥታ የሚመለከት የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲታቀድም ሲፈጸምም ሕዝቡ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ያስቀምጣል። ስለዚህ ዕቅድ ሲወጣ ሕዝብን ማማከር የባለሥልጣን መልካም ፈቃድ ሳይሆን ከሕገ መንግሥቱ የመጣ ግዴታ ነው።

የገጠር መሬት አጠቃቀምን በዝርዝር ያስቀመጠው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456/1997 ነበር። ይህ አዋጅ በተዳፋት ላይ ያስቀመጠው መለኪያ ለብዙ የግብርና ባለሙያዎች የዕለት ተዕለት መመሪያ ሆኖ ቆይቷል። ተዳፋትነቱ ከ30 በመቶ በታች የሆነ መሬት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ እየተሠራበት ይታረሳል። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ ነው። ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም አይውልም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት ይተዋል። እጅግ የተጎዳ መሬት ተዳፋትነቱ ምንም ይሁን ምን እስኪያገግም ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ይከለላል። የረግረግ መሬት ብዝኃ ሕይወትም ተጠብቆ ጥቅም ላይ እንዲውል ታዝዟል። በ2016 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ይህን አዋጅ ተክቶታል። በአማራ ክልል ደግሞ የተሻሻለው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ወጥቷል።

ተዳፋትን በመቶኛ መለካት የሚከብድ አይደለም። ሁለት ሜትር ገመድ በውሃ ልክ አግድም ይወጠር፤ አንዱ ጫፍ በላይ በኩል መሬት ይንካ። የሌላኛው ጫፍ ከመሬቱ ያለው ከፍታ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 30 በመቶ፣ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 60 በመቶ ነው። አንድ አርሶ አደር በዚህ መንገድ የራሱን ማሳ ለክቶ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር በእኩል ዕውቀት መነጋገር ይችላል።

ዕቅድ በደረጃ

ዕቅድ አንድ ወረቀት አይደለም። በአገርና በክልል ደረጃ የሚወጣው ሰፊውን አቅጣጫ ያሳያል፤ የትኛው አካባቢ ለሰብል፣ የትኛው ለደን፣ የትኛው ለእንስሳት ሀብት እንደሚስማማ ይለያል። በተፋሰስ ደረጃ የሚወጣው ከወንዙ ራስ እስከ ወንዙ እግር ያሉትን መሬቶች አያይዞ ያያል፤ የላይኛው መንደር የሚያደርገው ለታችኛው መንደር ይተርፋልና። በቀበሌ ደረጃ የሚዘጋጀው አሳታፊ ዕቅድ ደግሞ ጎጥ በጎጥ ወርዶ ይህ ግጦሽ ነው፣ ይህ የከብት መንገድ ነው፣ ይህ ምንጭ ነው፣ ይህ የመቃብርና የደብር ቦታ ነው እያለ ያሰፍራል።

ለመልክዓ ምድር ጥበቃ ወሳኙ ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከሳተላይት የተነሣ ምስል ቁጥቋጦ መኖሩን ያሳያል፤ ያ ቁጥቋጦ በሚያዝያ ወር የንብ ቀፎ የሚሰቀልበት መሆኑን ግን አያሳይም። ይህን የሚያውቁት በአካባቢው የሚኖሩ ብቻ ናቸው። ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትን፣ እረኞች ከብት የሚያጠጡበትን ስፍራ ካርታ ላይ የሚያሰፍሩት እነርሱ በስብሰባው ሲገኙ ነው።

ከዕቅዱ ጎን ለጎን ምዝገባው አለ። በክልሉ አርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲያገኝ ቆይቷል፤ በሁለተኛው ደረጃ ደግሞ ይዞታው በካርታ ተለክቶ ይመዘገባል። ብዙዎች የማያስተውሉት የወል መሬትም እንደ ግል ማሳው ሊለካና በተጠቃሚው ማኅበረሰብ ስም ሊመዘገብ እንደሚችል ነው። ሁሉም ለየራሱ ማሳ ችካል ሲተክል የወሉ ወሰን ካልተተከለ፣ በሚቀጥለው የመሬት ጥያቄ ቀድሞ የሚነሣው እርሱ ይሆናል። በየዓመቱ አንድ ትልም እየገፋ የሚገባው የአዋሳኝ ማሳም ወሉን ያጠብበዋል።

የጣና ምሳሌ፦ ሁሉም ቦታ እኩል አይዘጋም

ጥበቃ ሲባል ሁሉንም ነገር መከልከል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ሪዘርቭ አሠራር ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ሐይቁና ዙሪያው እ.ኤ.አ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከእርሱ በፊት የካፋ፣ የያዩና የሸካ ደኖች ተመዝግበው ነበር።

በባዮስፌር አሠራር አንድ አካባቢ በሦስት ቀጠና ይከፈላል። የመጀመሪያው የጥበቃው እምብርት ነው፤ ተፈጥሮው ሳይነካ የሚቆይበት። ሁለተኛው እምብርቱን የሚከብበው የመከላከያ ቀጠና ነው፤ ተፈጥሮን የማይጎዳ ሥራ፣ ለምሳሌ ንብ ማነብ፣ ዓሣ ማስገርና ጉብኝት ይፈቀድበታል። ሦስተኛው የሽግግር ቀጠና ይባላል፤ ሰዎች የሚኖሩበት፣ የሚያርሱበት፣ ከተሞችም የሚገኙበት ነው። ስለዚህ የባዮስፌሩ ዓላማ ሰውን ማስወጣት ሳይሆን የትኛው ሥራ ከየትኛው ስፍራ እንደሚስማማ መለየት ነው።

በጣና ዙሪያ ይህ ለምን እንዳስፈለገ ዳርቻውን ያየ ይረዳል። ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ ታንኳ መሥሪያ ብቻ አይደለም። ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣውን ደለል ያጣራል፣ ቀረሶና አምባዛ በዳርቻው ይራባሉ። እንደ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ያሉ ወንዞች ደግሞ ነጭ ዓሣ ለመራባት ሽቅብ የሚወጣባቸው መንገዶች ናቸው። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት ሲታረስ ደንገሉ ይመነጠራል፣ ደለሉም ያለ ወንፊት ወደ ሐይቁ ይገባል። ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ንጥረ ነገር እንደ እምቦጭ ላሉ አረሞች ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል። እምቦጩ ደግሞ ተመልሶ የዓሣ አስጋሪውን መረብና የአርሶ አደሩን የዳር ግጦሽ ይይዛል።

ባሕር ሸሹን የሚያርሰው ሰው ቤተሰቡን ለመመገብ ነው የሚያርሰው። ዕቅዱ «አትረስ» ብቻ ካለ አይሠራም። ከዳርቻው ምን ያህል ርቀት ተከልሎ እንደሚቀር፣ በተከለለው ላይ ደንገልና ሣር አጭዶ የመጠቀም መብት ለማን እንደሚሆን፣ የቀረበት ሰው በምን እንደሚካስ አብሮ መመለስ አለበት።

ከተማ ሲሰፋ

ከተሜው ነዋሪ ይህ ጉዳይ የገበሬ ብቻ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የከተማው ውሃ የሚመነጨው ከገጠሩ ተራራ ነው፤ የከተማው ጎርፍ የሚጀምረው ከተራቆተው ኮረብታ ነው፤ አትክልቱም የሚመጣው ከከተማው ዳር ካለው መስኖ ነው።

ከተሞች የሚሰፉት በመዋቅራዊ ፕላን ነው። ፕላኑ የመኖሪያ፣ የኢንዱስትሪ፣ የመንገድና የአረንጓዴ ቦታዎችን ለቀጣዮቹ ዓመታት ይወስናል፤ የሚያገለግለውም ብዙ ጊዜ ለአሥር ዓመት ነው። ስለዚህ በከተማ ዳር ያለ ኮረብታ፣ ረግረግ ወይም የደብር ደን ዕጣ የሚወሰነው ግሬደር ሲመጣ ሳይሆን ከዚያ ዓመታት አስቀድሞ፣ የፕላኑ ረቂቅ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ ነው። በዚያ ዕለት አዳራሹ ባዶ ከሆነ ረቂቁ እንዳለ ያልፋል። ኮረብታው በአረንጓዴ ቀለም ከተቀባ በኋላ ለሌላ ተግባር ለማዋል የፕላን ለውጥ ያስፈልጋል። በመኖሪያ ቀለም ከተቀባ ግን በኋላ የሚነሣ ተቃውሞ ዘግይቷል።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ በ2011 ዓ.ም የወጣውና በኋላ ማሻሻያ የተደረገበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ከዕቅድ ጋር የተሳሰረ ነው። በአዋጁ መሠረት መሬት የሚለቀቀው በጸደቀ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ፣ በከተማ መዋቅራዊ ፕላን ወይም በልማት መሪ ዕቅድ ላይ ተመሥርቶ ነው። በመሆኑም መሬቱን እንዲለቅ ማስታወቂያ የደረሰው አርሶ አደር ከካሳው መጠን አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ «ይህ በየትኛው የጸደቀ ዕቅድ ላይ ሰፍሯል?» የሚለውን። ቅሬታ ያለውም ትእዛዙ ከደረሰው ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል። ቀኑ ካለፈ መብቱን ማስከበር ይከብደዋልና የደረሰበትን ቀን መጻፍ አይርሳ።

ፕሮጀክት ሲመጣ

ዕቅድ ቦታን ይለያል፤ በቦታው ላይ የሚቆመው ፕሮጀክት ምን እንደሚያስከትል የሚመረምረው ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ነው። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፤ በተለይ ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ አስተያየት ሊካተትበት ይገባል። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቅሬታ ሊያቀርብ ይችላል፤ ምላሹም ቅሬታው በቀረበ በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንድ ጠንካራ መብት ይዟል። ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ አካል ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ምላሽ በ30 ቀናት ውስጥ ካልተሰጠው ወይም በምላሹ ካልረካ ጉዳዩን በ60 ቀናት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። ይህ ለወል ሀብት እጅግ ጠቃሚ ነው። የወንዝ አሸዋ ያለ ልክ ሲወጣ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ረግረጉ ሲለቀቅ «የእኔ ማሳ አይደለም» ማለት ምክንያት አይሆንም።

ካርታ ብቻውን አይጠብቅም

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ የዕቅድን ኃይልም ወሰንም ያሳያል። ፓርኩ እ.ኤ.አ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተመዘገበ። በ1996 ግን አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ እርሻ፣ ግጦሽና ሰፈራ እየገፉት ዋልያና ቀይ ቀበሮ ሥጋት ላይ ወድቀው ነበር። ከመዝገቡ የወጣው ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ በ2017 ነው። በዚህ መካከል በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2016 ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውሯል። ቀበሮው ያገኘው እፎይታ እውነተኛ ነው። ከደጋ እርሻና ከበግ እርባታ ወደ ከተማ ኑሮ የተሸጋገረው ቤተሰብ የከፈለው ዋጋም እውነተኛ ነው። ጥበቃው ቀድሞ በሕዝቡ ተሳትፎ ቢታቀድ ኖሮ የሚከፈለው ዋጋ ሊቀንስ ይችል እንደነበር ብዙ የመስኩ ባለሙያዎች ይስማማሉ።

በተቃራኒው ደግሞ ተጽፎ በመደርደሪያ የሚቀር ዕቅድ አለ። ወሰኑ መሬት ላይ በችካል ካልተለየ፣ ደንቡን የጣሰ ካልተጠየቀ፣ ጠባቂውም ማኅበረሰብ ከጥበቃው ካልተጠቀመ ካርታው ቀለም ብቻ ነው። በተከለለ ተራራ ላይ ሣር አጭዶ መውሰድ የተፈቀደለት፣ ቀፎ ያስቀመጠ ወይም ከብት የሚያደልብ ሰው ክልከላውን ራሱ ይጠብቃል። ምንም የማያገኝበት ግን ጨለማ ሲሆን ከብቱን ያስገባል።

አርሶ አደሩና ከተሜው ምን ማድረግ ይችላሉ?

አንደኛ፣ የቀበሌው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ መኖሩንና መጽደቁን ከቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ወይም ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፤ ካለም ካርታውን ማየት። በካርታው ላይ የወል ግጦሹ፣ ምንጩ፣ የከብት መንገዱና የደብሩ ደን በየስማቸው መስፈራቸውን ማረጋገጥ።

ሁለተኛ፣ የወል መሬቱ መመዝገቡን፣ በማን ስም እንደተመዘገበና ስፋቱ ስንት እንደሆነ ማወቅ። ካልተመዘገበ ወሰኑን የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ከአዋሳኞች ጋር ሆኖ እንዲለካ በጽሑፍ ማመልከት።

ሦስተኛ፣ የአጠቃቀም ደንብ በጋራ ማውጣት። መቼ ይዘጋል፣ መቼ ይከፈታል፣ ማን ያጭዳል፣ የጣሰ በምን ይቀጣል የሚለው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ይፈረም። መሬት አልባ ወጣቶችና ሴቶች የሚመሩት ቤተሰብ ድርሻም በደንቡ ይካተት፤ ያልተካተተ ሰው ደንቡን የሚያከብርበት ምክንያት የለውም።

አራተኛ፣ የከተማ ፕላን ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ መገኘት። በአፍ የተሰጠ አስተያየት ይረሳልና በጽሑፍ አስገብቶ ቅጂ መያዝ። በከተማው ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችም ሊጋበዙ ይገባል፤ ካልተጋበዙ መጠየቅ መብታቸው ነው።

አምስተኛ፣ አዲስ ፕሮጀክት ሲጀመር የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ተሠርቶ እንደሆነና ሰነዱ የት እንደሚገኝ መጠየቅ። ካልተሠራ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት።

እነዚህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃሉ። የእርሻ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ስብሰባ መቀመጥ ለአርሶ አደር ቀላል እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ይሁንና አንድ ጊዜ የታረሰ ረግረግ፣ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ደን ወይም ቤት የተሠራበት ግጦሽ በአንድ ትውልድ ዕድሜ አይመለስም።

መንዝ ላይ የአስቦና የጌራ ልጆች ካርታ አልነበራቸውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ባለመብት የምድሩን ወሰን፣ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን፣ ያጠፋ ሰው የሚጠብቀውን ቅጣት ያውቅ ነበር። ዛሬ በየቀበሌው የሚዘጋጀው ዕቅድ ይህንኑ ያህል በሕዝቡ ዘንድ ከታወቀ ካርታው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ አንድ ጥያቄ ቢያነሣ ይበቃል፤ «የእኛ የወል መሬት በዕቅዱ ላይ የት ነው ያለው?»